የባለ ጸጎች ሳፋሪና የሜዳው ባለቤቶች

ያለፈው ዒድ ማግስት የአክስታችን ልጅ ከናይሮቢ መጥቶ ቤታችን ሰነበተ። የተወለደውም ያደገውም እዚያው ኬንያ ስለሆነ አማርኛው ስዋሂሊ ስዋሂሊ ይላል። ሥራው ሾፌርነት ነው። ነገር ግን ከመናኸሪያ መናኸሪያ የሚመላለስ ሾፌር አይደለም፤ ጣሪያው ወደ ላይ በሚከፈት ላንድክሩዘር አንድ ቤተሰብ ብቻ ጭኖ ለዐሥር፣ ለዐሥራ ሁለት ቀን ከዱር ዱር፣ ከሐይቅ ሐይቅ ይዞራል። ይህ «የግል ሳፋሪ» ይባላል።

ልጆቻችን ከበው ስለ አንበሳውና ስለ አውራሪሱ ሲጠይቁት አመሹ። እኛ ግን የመምህር ነገር ሆነና ቃሉ ላይ ቆየን።

ሳፋሪ ለእኛ ለሙስሊሞች ባዕድ ቃል አይደለም። ምንጩ ዐረብኛው «ሰፈር» ነው፤ ጉዞ ማለት ነው (በአማርኛ ሰፈር ስንል መኖሪያችንን ማለታችን ነውና እንዳይምታታ)። ሰፈር ላይ ያለ ሰው ሶላቱን እንደሚያሳጥር፣ በረመዷን ማፍጠር እንደሚፈቀድለት መድረሳ የዋለ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ጉዞ ድካም ነውና። ስዋሂሊዎች ቃሉን ወርሰው ለማንኛውም መንገድ ይሉታል። ናይሮቢ ላይ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሲሸኝ «ሳፋሪ ንጄማ» ይባላል፤ መልካም መንገድ። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከባጋሞዮ ወደብ ተነሥተው እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ ይዘልቁ የነበሩት የነጋዴ ቅፍለቶችም ሳፋሪዎች ነበሩ። የዝሆን ጥርስ ያመጡ ነበር፤ ባሪያም ያመጡ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ መሸፋፈን አያምርብንም።

ኋላ ቃሉን የባሕር ማዶ ሰዎች ወሰዱት። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱ በወረደ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ ከልጁ ከከርሚት ጋር ምሥራቅ አፍሪካ ገባ፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን 512 እንስሳት ገደሉ። ዕቃውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸካሚዎች ተሸከሙላቸው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ስትከለክል ጠመንጃው በካሜራ ተተካ። የአክስታችን ልጅ የዚህ የካሜራው ዘመን ሰው ነው።

መንገዱን ሲያወራ መስማት ደስ ይላል። መነሻው ናይሮቢ ነው፤ አምቦሴሊ ላይ ዝሆኖቹ ኪሊማንጃሮን ከኋላቸው አድርገው ያልፋሉ፤ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ጉማሬ በጀልባ ይታያል። ከዚያ ናኩሩ ይደረሳል። የናኩሩ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ፍላሚንጎ የሚባለው ወፍ የሚመገበው እዚያ የሚበቅለውን ረቂቅ ዋቅላሚ ነው፤ የላባው ሮዝነትም የሚመጣው ከዚሁ ምግብ ነው። እኛም ያመጣልንን ባለ ቀለም ብሮሹር ገልጠን በሮዝ የተሸፈነውን ዳርቻ ስናደንቅ ሳቀብን። «ይኼ የድሮ ነው፣ ኡስታዝ» አለን። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ የሐይቁ ውሃ እየሞላ የቀድሞውን የፓርክ በር ሳይቀር ዋጠው፤ ጨዋማነቱ ሲቀንስ የወፎቹ ምግብ ሳሳ፤ ብዙዎቹ ወደ ቦጎሪያና ወደ ሌሎች ሐይቆች ሄዱ። የሚገርመው በዚያው በስምጥ ሸለቆ ያለው የኛው አቢጃታ በተቃራኒው መሸሹ ነው። ብሮሹሩ ላይ ግን ናኩሩ አሁንም ሮዝ ነው።

ዋናው ትርኢት ያለው ማራ ነው። የኬንያው ማራና የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ በመካከላቸው አጥር የሌለበት አንድ ሜዳ ናቸው። ስዋሂሊዎች «ኙምቡ» የሚሉት፣ ቀንዱ የበሬ ጅራቱ የፈረስ የሚመስል እንስሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ዝናቡን እየተከተለ ይህን ሜዳ በዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የሜዳ አህያም አብሮት ይጓዛል። ጥርና የካቲት ላይ በሴሬንጌቲ ደቡብ ይወልዳል፤ ከሐምሌ በኋላ አዞ የሚጠብቀውን የማራን ወንዝ ይሻገራል። ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም። ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፈርሶ ድንበሩ ሲዘጋ ያ መተላለፊያ ተዘጋበት፤ ማኅበረሰቡ እንደገና ከተቋቋመም በኋላ ለቱሪስቶች ለአሠርት ዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለዚህ የአክስታችን ልጅ እንግዶቹን ዞሮ ኢሲባንያ ከምትባለው የድንበር ከተማ ያደርሳል፤ እዚያ ለታንዛኒያዊው ሾፌር አስረክቦ ይመለሳል።

ዋጋውን ጠየቅነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ማራ ለመግባት ብቻ አንድ የውጭ አገር ጎልማሳ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በቀን 200 ዶላር ይከፍላል። ባለ ጸጎቹ የሚያርፉበት ድንኳን፣ ድንኳን ከተባለ፣ ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዶላር በላይ የሚጠይቅ አለ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለአልጋው ነውን? አይመስለንም። የሚሸጠው ብቸኝነት ነው፤ ሌላ መኪና የማይታይበት፣ ሌላ ሰው የማይታይበት ሜዳ።

አንድ ቀን ከማራ ዳርቻ እንግዶቹ ቀጭኔዎች ሲያነሡ አንድ የማሳይ ልጅ ከብቶቹን እየነዳ መጣ። እመቤቲቱ ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ «ልጁ ከፎቶው እስኪወጣ ጠብቅልን» አለችው። ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ልጁም ለካ ቆሞ የነበረው እነርሱ እስኪሄዱለት ነው።

ይህ ባዶ ሜዳ ከመጀመሪያው ባዶ አልነበረም። የሴሬንጌቲ ስም ራሱ ማሳይኛ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሜዳ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የእንግሊዝ አስተዳደር ማሳዮቹን ከፓርኩ አስወጣ፤ በምትኩ በአጎራባቹ ንጎሮንጎሮ ከአራዊቱ ጋር እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። ዛሬ የንጎሮንጎሮን ታላቅ ጉድጓድ፣ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ቱሪስት በመኪና ይወርደዋል። ማሳዮቹ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ምሶሜራ እንዲሄዱ እየተደረገ ነው። መንግሥት ሕዝቡ በዝቶ አካባቢው ተጎዳ፣ የሚሄደውም በፈቃዱ ነው ይላል። እነርሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በጀት እየተነፈገ ምን ፈቃድ አለ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በብዛት ወጥተው የቱሪስቱን መንገድ ዘግተው ነበር።

የፈረንጅ ጉዳይ ነው ብለን እንዳናልፈው ደግሞ ሎሊዮንዶ አለ። በሴሬንጌቲ ምሥራቅ ያለው ይህ ምድር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከዐረብ ኤምሬትስ ጋር ግንኙነት ላለው ድርጅት ለአደን ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 መንግሥት 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ለይቶ ለመከለል ፖሊስ ሲያሰማራ በጥይት የቆሰሉ ማሳዮች ብዙ ነበሩ፤ አንድ ፖሊስም ሞቷል። እዚያ ለማደን የሚመጡት ባለ ጸጎች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ እኛው ቂብላ ነው።

ታዲያ ቱሪስት አይምጣ እንበል? ይህን ስንል የአክስታችን ልጅ ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሰማዩ ሲዘጋ የባለቤቱን ወርቅ ሸጦ ነው ልጆቹን ያበላው። በማራ ዙሪያም መሬታቸውን ለካምፖች አከራይተው ወር በወር ኪራይ የሚቀበሉ የማሳይ ቤተሰቦች አሉ፤ ያን ጊዜ እነርሱም ተቸግረው ነበር። እንስሳቱን ከአዳኝ የሚጠብቀው ዘበኛ ደመወዝ የሚያገኘው ከዚሁ ገንዘብ ነው። እውነቱን ነው፤ መልስ አጣን።

ሊሄድ ሲል ስለዚያ ከብት ጠባቂ ልጅ ደግመን ጠየቅነው። «መኪናዬን ያውቃታል» አለን። «ጡሩንባ ስነፋለት በትሩን ያነሣልኛል። ያ ሣር ግን ለካምፕ ተከራይቷል፤ ሐምሌ ላይ እንግዳ ሲበዛ ከብት አይገባም ይሉታል። ወዴት እንደሚወስዳቸው እንጃ።»