የኤልጂቢቲ ሠራተኞች ስብስብ በመሥሪያ ቤት ምን ይሠራል?

በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ የሠራተኞች ስብስቦች መኖራቸውና የሚስማማውን መቀላቀል እንደሚችል ይነገረዋል። ከእነዚህ አንዱ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞችንና ትራንስጀንደር ሰዎችን የሚያገናኘው፣ በአጭሩ ኤልጂቢቲ የሚባለው ነው። ብዙ የሀገራችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ «የግል ሕይወት ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ምን አገባው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለሆነ እንደሚገባኝ መጠን ላስረዳ እሞክራለሁ። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ስብስቡ የሠራተኛ ማኅበር አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በ1935 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ አሠሪ የሠራተኛ ማኅበርን በገንዘብ እንዳይደግፍ ስለሚከለክል፣ በአሠሪው በጀት የሚንቀሳቀስ ስብስብ በደመወዝ ላይ ሊደራደር አይችልም። ይበልጥ የሚቀርበው ለእኛው የመሥሪያ ቤት ዕድር ነው። ሰዎች ይተዋወቁበታል፣ መረጃ ይለዋወጡበታል፣ የጋራ ችግራቸውንም በአንድ ድምፅ ለአስተዳደሩ ያቀርቡበታል።

ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው የጤና መድን የሚያገኘው በአሠሪ በኩል ነው። ባለትዳር ሠራተኛ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ያስመዘግባል። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመላ ሀገሪቱ የተፈቀደው ግን በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት ሴቶች አንዷ ብትታመም በሌላዋ መድን መታከሟ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ለብቻ ሄዶ መጠየቅ ደግሞ ራስን ለአለቃ መግለጥ ማለት ነው።

ለአብነት ያህል፣ ኮምፒውተር በተማርንበት ዘመን ሎተስ 1-2-3 የሚባለውን ፕሮግራም የማያውቅ አልነበረም። ፕሮግራሙን የሠራው የሎተስ ኩባንያ በሴፕቴምበር 1991 ለሠራተኞቹ የተመሳሳይ ጾታ ተጣማሪዎች የመድን ሽፋን እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሐሳቡ ከአለቆች የመነጨ አልነበረም። ጥያቄውን አቅርበው ሁለት ዓመት ያህል የተመላለሱበት ጥቂት ሴት ሠራተኞች ናቸው። በ1995 ሎተስን የገዛው አይቢኤም በ1996 ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ኒኮል ሬበርን በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን መብት ካጸደቁት ታላላቅ ኩባንያዎች አብዛኞቹ እርምጃውን የወሰዱት ከሠራተኞቻቸው ስብስብ ግፊት ሲመጣባቸው መሆኑን አሳይተዋል።

ይህ ሲባል ግን መቀላቀል ሁልጊዜ ያለ ዋጋ ነው ማለት አይደለም። በጆርጂያ ግዛት የክሌይተን አውራጃ ሠራተኛ የነበሩት ጄራልድ ቦስቶክ በ2013 የግብረ ሰዶማውያን የሶፍትቦል ቡድን ውስጥ መጫወት ከጀመሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ከሥራ ተሰናበቱ። ቡድኑ ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ጁን 15 ቀን 2020 በስድስት ለሦስት ድምፅ ማንንም በዚህ ምክንያት ማባረር የ1964ን የሲቪል መብቶች ሕግ እንደሚጥስ ተወሰነ። መፍትሔው ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ሕግ ከጉዳት በኋላ ሲደርስ፣ ጥሩ ስብስብ ግን ከጉዳት በፊት «እዚህ ክፍል ያለው አለቃ እንዲህ ነው፣ ቅሬታ የሚቀርበው ለእገሌ ነው» ብሎ ሊመክር ይችላል።

ለእኛ ሰው ጉዳዩ ተጨማሪ ጎን አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ኩባንያው አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ቢኖረውና ሠራተኛውን ወደዚያ ልመድብህ ቢለው፣ «አልሄድም» የሚልበትን ምክንያት ለብቻው ማስረዳት ይከብደዋል። ስብስቡ በበኩሉ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ወዳለበት ሀገር መመደብ በፈቃደኝነት ብቻ እንዲሆን ሊጠይቅ ይችላል። በሌላ በኩል ዋሽንግተንም ሆነ አትላንታ፣ በአንድ ቢሮ ሁለት ኢትዮጵያውያን ካሉ ወሬው ማታውኑ ቤተሰብ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

በመሆኑም ከመመዝገብ በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ። የአባላቱን ዝርዝር ማን ያየዋል? የኩባንያው ኢሜይል የኩባንያው ንብረት ስለሆነ፣ በግል አድራሻ መመዝገብ ይቻላል? ደጋፊ የሆኑ ሌሎች ሠራተኞችስ አባል መሆን ይችላሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰል። ሁሉም የሚገባበት ስብስብ ውስጥ መገኘት ብቻውን ስለማንም ምንም አይናገርም። በማርች 2025 የአሜሪካ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም የሠራተኞች ስብስብን ለተወሰኑ ወገኖች ብቻ መገደብ ሕግ ሊያስጥስ እንደሚችል አሳስቧል።

በዚያው ዓመት በርካታ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያሉ ስብስቦችን በትነዋል። አሠሪ የፈቀደውን አሠሪ ሊከለክለው እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል። ይሁንና የስብሰባ አዳራሹ ቢዘጋም የተዋወቁ ሰዎች መተዋወቃቸው አይቀርም፤ የተገኘው የመድን መብትም በሰነድ ላይ የሰፈረ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ሎተስ ውስጥ ያበረው ድር ጥቂት ክር ብቻ ነበረው።