«ገጠርን ታውቂዋለሽ?»
ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ልጆቻችንና የእኛ የወላጆች ዝምታ

ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት፣ ከእሑድ ቡና በኋላ ነው። ልጅቱ የገጠር ሐኪሞችን ወደሚያሠለጥን የሕክምና ትምህርት ክፍል አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። አባት ጠያቂ ሆነው ተቀመጡ። «ለምን ገጠር?» አሏት። «ድሆችን መርዳት ስለምፈልግ» አለች። «ይህንማ ሁሉም ይላል። ገጠርን ታውቂዋለሽ?» ልጅቱ ዝም አለች።

ሳን ሆዜ ተወልዶ ላደገ ልጅ ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግን አይቀርም። ከአሜሪካ ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ ገደማ በገጠር ሲኖር፣ እዚያ የሚሠራው ሐኪም ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም «ፕራይም» በተባለው መርሐ ግብሩ ሐኪም ወደሚያጥርባቸው ቦታዎች የሚሄዱ ተማሪዎችን ይመለምላል። የዴቪሱ የገጠር ፕራይም እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሳን ዋኪን ሸለቆው ደግሞ በ2011 ተጀመሩ።

ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ደግ ልብ ብቻ ሳይሆን ገጠር ሄዶ የሚቆይ ሰው ነው። በሳሊናስ ሰላጣ የሚለቅም ሠራተኛ ሐኪም ዘንድ በሄደ ቀን ደመወዙ ሊቀርበት እንደሚችል፣ በፍሬዝኖ ዙሪያ ከአቧራ ጋር የሚተነፈስ ፈንገስ «የሸለቆ ትኩሳት» የሚባለውን የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ዛሬ የሚጠይቁት በዙር ነው። አመልካቹ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ ጥያቄውን ለሁለት ደቂቃ ያህል ያነብና ለጥቂት ደቂቃዎች ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ፈተና ተሸምድዶ የመጣ ንግግር አያዋጣም።

ወላጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የገጠር ጤና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደምቢያ እ.ኤ.አ. በ1953 በወባ ወረርሽኝ ከተመታች በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከ2003 ወዲህም በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደብ ተጀመረ።

እኚሁ አባት በደርግ ዘመን እዚያው ደምቢያ ውስጥ ጤና ረዳት ነበሩ። «ታክሲ ነጂ ስለ መርፌ ምን ያወራል?» እያሉ ለልጃቸው ነግረዋት አያውቁም። ያን ዕለት ነገሯት። አንዲት እናት በትኩሳት የሚነድ ሕፃን አዝላ ከቀትር በኋላ ደረሰች። «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብለው ተቆጧት። ለካስ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ስትሄድ የዋለች ናት። «ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው መንገዱን ሆነ» አሏት።

ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ስትጀምር አባት ከለከሏት። «ይህ የእኔ ታሪክ ነው። የራስሽን ይዘሽ ግቢ፤ ባይኖርሽ ሄደሽ ፈልጊ።» አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ዋትሰንቪል ወርዳ በአንድ ክሊኒክ በሽተኛ ትመዘግባለች። ሐኪም ከማየታቸው በፊት «ከየት መጡ? በምን መጡ?» ትላቸዋለች።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ስለ ፈተናው ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። ስለ መንገዱ ግን ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? የልጅቱ ቃለ መጠይቅ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይቅናት።