የባቲ ግመልና የታሸገው ፖስታ

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መዲና ከሚሴ ብትሆንም የግመልን ዋጋ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሰኞ ባቲ መውጣት አለበት። በዚያ ገበያ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለ፤ አንዱ በአፍ የሚነገር፥ ሁለተኛው በልብ የሚቀር። ሻጩ «ከዚህ በታች አልሰጥም» ይላል፤ ገዢው «ከዚህ በላይ የለኝም» ይላል፤ እውነቱ ይህ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ደላላውም የሚኖረው በዚሁ ነው።

ይህ የሰዎቹ ክፋት ሳይሆን የደንቡ ጠባይ ነው፤ እውነቱን ቀድሞ የተናገረ ይከስራልና። የጌም ቲዮሪ ሊቃውንትም የሚጠይቁት፥ ሰው ለጥቅሙ ሲል እውነቱን እንዲናገር ደንቡ እንዴት ይሠራ? ብለው ነው።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዊሊያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ መልስ ሰጡ፤ በ1996ም የኖቤል ሽልማት አገኙ። ተጫራች ሁሉ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያቅርብ፤ ከፍተኛውን የሰጠ ያሸንፍ፤ የሚከፍለው ግን የሁለተኛውን ሰው ዋጋ ይሁን። ግመሉ ለእኔ 80 ሺህ ብር የሚያወጣ ከሆነ 80 ሺህ እጽፋለሁ። ዝቅ ባደርግ ግመሉ ያመልጠኝ ይሆናል እንጂ የምከፍለው አይቀንስም፤ ከፍ ባደርግም ከሚገባው በላይ እንዳልገዛው ያሰጋኛል።

በለመድነው ጨረታ ግን አሸናፊ የጻፈውን ይከፍላል። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን ለቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርብ ተወዳዳሪው ኤም ቲ ኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ነበር። በቪክሪ ደንብ መንግሥት 250 ሚሊዮን ባጣ ነበር ብሎ የሚቸኩል ወጣት ሹም አይጠፋም፤ ዳሩ ግን ደንቡ ሲለወጥ በፖስታው ውስጥ የሚጻፈውም ይለወጣል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፖስታውን የሚከፍተው ማን ነው? ደላላው የእኔን 80 ሺህ አይቶ «ሁለተኛው 79 ሺህ ነው» ቢል ማን ያውቅበታል? ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። ብቁ ሆነው ከባንክ የተላኩት ቆጣቢዎች 79 ሺህ ያህል ሲሆኑ፥ በማሽኑ ውስጥ የተገኙት ስሞች ግን ከ172 ሺህ በላይ ነበሩ። ማሽን የተሰጠውን ዝርዝር «ከወዴት መጣህ?» አይልም።

የኮምፒዩተር ሳይንስ ለዚህ መላ አለው። ከማንኛውም ጽሑፍ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ቁጥር በሒሳብ ይወጣል፤ አንዲት ፊደል ብትነካ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። የቆጣቢዎቹ ዝርዝር አሻራ ከዕጣው በፊት በጋዜጣ ቢወጣ፥ ኋላ የተጨመረ ስም ወዲያው ይታወቃል። በባቲም ተጫራቾች ሁሉ ፖስታ ከመከፈቱ በፊት አሻራቸውን በአደባባይ ቢለጥፉ፥ ደላላው የሐሰት ተጫራች ማስገባቱ ባይቀርም የእኔን ዋጋ ሳያይ በግምት ነው። ግምቱ ከ80 ሺህ ካለፈ ደግሞ አሸናፊው የሐሰቱ ሰው ይሆንና ግመሉ ሳይሸጥ ይመሻል።