ጓሮው በሕፃኑ ሳህን ይመዘን

ስለ ጓሮ አትክልት ሲወራ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ገንዘብ ነው። ቤተሰቡ ለጎመንና ለቲማቲም የሚያወጣውን ይቆጥባል፣ የተረፈውንም ሸጦ ሌላ ጎዶሎ ይሞላል ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በሥነ ምግብ ሙያ ለምንሠራ ሰዎች የጓሮ መመዘኛው ሌላ ነው። እኛ የምንጠይቀው ከመደቡ የተቀነጠሰው ቅጠልና ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል የቤቱ ትንሹ ልጅ ሳህን ላይ ደረሱ ወይስ አልደረሱም የሚለውን ነው። ጓሮ የልጅን ጤና የሚለውጠው ስለሰፋ ወይም ስላማረ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ለልጁ ማዕድ ታስቦ ሲተከል ነው። ይህን የምለው በምኞት ሳይሆን በአገራችን ከተሰበሰቡ መረጃዎች ተነሥቼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚጠበቀው ላይ ያልደረሰ መሆኑን አሳይቷል። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው በአማራ ክልል ሲሆን እርሱም 46 በመቶ ነበር። ይህ ክልል ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በብዛት አምርቶ ለሌላውም የሚተርፍ ነው። የመቀንጨር መንስኤ ብዙ ነው፤ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ንጹሕ ውሃ ማጣት፣ የእናቲቱ ጤና ሁሉም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም የጎተራ መሙላት ብቻውን ለልጅ ዕድገት ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል። በዚያው ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በዓይነቱም በድግግሞሹም ተቀባይነት ያለው አነስተኛ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እህል ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድም ይሞላል፤ ነገር ግን ከአጥሚትና ከእንጀራ በሽሮ ብቻ ልጁ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤና ቫይታሚን ሲ አያገኝም። ጓሮ ሊሞላው የሚችለው ክፍተት ይህ ነው።

ይህን ክፍተት ገበያ ለምን አይሞላውም የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። መልሱ በከፊል ዋጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 የነበረውን የምግብ ዋጋ የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የአጠቃላይ ዋጋ ንረቱ ተቀንሶ እንኳ እንደ ቅጠላ ቅጠል፣ እንቁላልና ወተት ያሉ ገንቢ ምግቦች ዋጋ ከ19 እስከ 62 በመቶ መጨመሩን አግኝተዋል። የእህልና የሥራሥር ዋጋ ግን በዚያው ጊዜ ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ ኑሮ ሲከብድ ቤተሰብ ወደ እህል ማዘንበሉ የአላዋቂነት ውጤት ሳይሆን የኪስ ስሌት ነው። ሌላው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ጥናት የወላጆች የሥነ ምግብ ዕውቀት የልጆችን አመጋገብ በዓይነት እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ ነገር ግን ይህ የታየው ለገበያ ቅርብ በሆኑት ቀበሌዎች ብቻ ነበር። እናቲቱ ልጇ ካሮትና እንቁላል እንደሚያስፈልገው አውቃ የምታገኝበት ቦታ ከሌላት ትምህርቱ ከጆሮ አያልፍም። ገበያ ለራቀው ቤት ጓሮው ራሱ ገበያ መሆን አለበት።

ለማዕድ ታስቦ መትከል ማለት ምርጫውን ከሳህኑ መጀመር ነው። ሕፃኑ በየቀኑ ምን ይጎድለዋል? በመጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፤ ሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ሽፈራው። የጎመን ጥቅሙ ከሥሩ ሳይነቀል የውጪው ቅጠል እየተቀነጠሰ ለወራት መቆየቱ ነው፤ ችግኙ በአንድ ቀን ሳይሆን በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢተከል ከቤቱ ቅጠል አይጠፋም። ቀጥሎ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ምግብ ይመጣል፤ ካሮት፣ ዱባና ብርቱካናማው ስኳር ድንች። ይህን ስኳር ድንች በአፍሪካ ያስፋፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 125 ግራም ያህሉ የአንድን ትንሽ ልጅ የቀን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል፣ የሚተከለውም ከሐረጉ ተቆርጦ በመሆኑ ዘር መግዛት አይጠይቅም። ሥራው ግን ማሳው ላይ አያልቅም። ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ነው፤ ስለዚህ የልጁ ጎመን ጥቂት ዘይት ይፈልጋል። ከቅጠል የሚገኘው የብረት ማዕድን ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመርበት የተሻለ ይዋሃዳል፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ይቀንሳል። ቅጠሉም ለረጅም ጊዜ ከተቀቀለና ውሃው ከተደፋ ብዙው ጥቅም አብሮ ይፈስሳል።

የእኛ አገር የጾም ሥርዓትም እዚህ ላይ መታየት አለበት። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በጾም አታስገድድም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ሲጾም የምግብ ዕቃው እንዳይነካካ በሚል እንቁላልና ወተት ለልጁ ለብቻ የማይዘጋጅባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ለልጁ የተለየ ድስትና ሳህን መመደብ ይህን በቀላሉ ይፈታዋል። ጓሮው ደግሞ ሁሉም በአንድነት የሚበላውን የጾም ምግብ ያበለጽጋል፤ ነፍሰ ጡሯም የምታጠባዋም እናት ከዚያው ድርሻዋን ታገኛለች።

ስለ ዶሮ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮ እርባታን በየቤቱ እያስፋፋ መሆኑ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የታተመ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ቤት ግን ከልጆቹ ቁመት ጋር የታየው ግንኙነት ተቃራኒ ነበር። በእጁና በጉልበቱ የሚድህ ሕፃን ኩስ የነካውን አፈር ወደ አፉ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚመጣው የአንጀት ሕመም እንቁላሉ የሰጠውን ሊነጥቅ ይችላል። ስርቆትንና አውሬን ፈርቶ ዶሮን ቤት የሚያሳድር ሰው ስጋቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ከግድግዳው ተጠግቶ የሚሠራ በር ያለው ቆጥና ልጁ የሚጫወትበትን ቦታ በአጥር መለየት ነው።

በጓሮ አትክልት ላይ የሚቀርበውን ጠንካራ ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ 23 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ ጓሮንና የቤት እንስሳትን የሚያስፋፉ ፕሮጀክቶች የታሰቡትን ምግቦች ምርትና ፍጆታ ቢጨምሩም የልጆችን ዕድገት ስለማሻሻላቸው የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው ብሏል። ይህን ይዘው ጓሮ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ግምገማው ራሱ ግን ብዙዎቹ ጥናቶች ለውጡን ለመለካት የሚበቃ ናሙና እንዳልነበራቸው ይገልጻል፤ የማስረጃ መጉደል ደግሞ ጥቅም የለውም ከሚል ድምዳሜ ይለያል። ለእኔ ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ችግኝ ማደል ብቻውን አይበቃም። ዘሩ ከምግብ አሠራር ትምህርት፣ ከእጅ መታጠብና ከዶሮ ማደሪያ ጋር ካልተያያዘ ጎመኑ ይበቅላል፣ ልጁ ግን አያድግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ውሃና ቦታ ነው። በበጋ ወራት ውሃ ከሩቅ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት ሰፊ ማሳ ማቀድ ስህተት ነው። ለሕፃን የሚበቃ ቅጠል ግን ከአንድ ጠባብ መደብ ይገኛል፤ አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ያጠጣዋል፣ በሣር ወይም በገለባ የተሸፈነ አፈርም እርጥበቱን ይይዛል። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ፀሐይ ካለ አፈርና የበሰለ ፍግ የተሞላ ጆንያ ጎመንና ቃሪያ ያበቅላል። ለከተማ ነዋሪ ዋናው ጥንቃቄ የውሃው ምንጭ ነው። የአዲስ አበባ ወንዞች በተለይም አቃቂ በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ የተበከሉ ሲሆኑ በዚያ ውሃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ብክለት በማጠብ አይወገድም፤ ስለዚህ ውሃውን የምናውቀው የበረንዳ ጆንያ ከማናውቀው ሰፊ ማሳ ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የእናቶች ጊዜ ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ አብስላ፣ ልጅ አጥብታ በምትውል ሴት ላይ መኮትኮትንና ማጠጣትን መጨመር ልጁን የምትንከባከብበትን ጊዜ መውሰድ ነው። ያኔ ጓሮው ልጁን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ለዚህ ነው የጓሮ ትምህርት ለእናቶች ብቻ ተሰጥቶ ሊያበቃ የማይገባው። አባት መደቡን ቢቆፍርና ውሃውን ቢያመላልስ፣ ትልልቆቹ ልጆች ቢያርሙ፣ ምርቱ ሲሸጥ ደግሞ ገንዘቡ በእናቲቱ እጅ ቢገባ ጓሮው የቤተሰብ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ተገብቷል። ቃሉን የሚፈጽመው መንግሥት ብቻ አይደለም። የልማት ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድን ቤት ለየብቻ ከመጎብኘት አብረው ይግቡ፤ አንዱ መደቡን ሲያይ ሌላዋ ድስቱን ትይ። ሪፖርታችንም የተከፋፈለውን ችግኝ ከመቁጠር ባሻገር ትናንት ቅጠልና እንቁላል የበሉትን ልጆች ይቁጠር። አንባቢም ልጅ በቤትዎ ካለ ጥቂት የጎመን ችግኝ ይትከሉ፣ ዶሮዎችን ሌሊት ከመኝታ ቤት ያውጡ፣ ከሚቀነጥሱትም ቅጠል የመጀመሪያውን ለትንሹ ልጅ ያድርጉት።