መሪው ለምን ይስባል?

«መሪው ወደ ግራ ይስበኛል» ያለ ሾፌር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ምክር «አላይመንት አሠራው» የሚል ነው። ምክሩ ከነጭራሹ ስህተት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መኪናን ወደ አንድ ጎን የሚስቡ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የጎማ አቋም መዛባት ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው። ፍሬኑ አንድ ጎን ላይ መያዝ የጀመረ መኪና አላይመንት ቢሠራለት ባለቤቱ ገንዘቡን ይከፍላል፣ አደጋውንም ይዞ ይመለሳል።

ለጎንደርና ለሰሜኑ ደጋ ሰው ይህ ጉዳይ ክብደቱ የተለየ ነው። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በደጋው ጀርባ ላይ ይጓዛል። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ የወጣው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ወደ ዛሪማ ቆላ ቁልቁል ያወርዳል። ሜዳ ላይ ክንድ ከማድከም የማያልፍ መሳብ እዚያ ኩርባ ላይ መኪናውን ወደ ጠርዙ ሊወስደው ይችላል።

መካኒኩ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «መቼ ነው የሚስበው?» ብሎ ነው። ሁልጊዜ ነው ወይስ ፍሬን ሲያዝ? ነዳጅ ሲሰጥ ነው ወይስ ጭነት ሲኖር? መልሱ የተበላሸውን ክፍል ከግማሽ በላይ ይጠቁማል። ጥያቄውን በትክክል መመለስ የሚችለው ደግሞ መሪውን ሲጨብጥ የዋለው ሾፌር ነው።

መጀመሪያ ግን መንገዱ ራሱ ከጥርጣሬ ይውጣ። አስፋልት ሲሠራ ዝናብ እንዳይቋጥር መሀሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የግራ መስመር አነዳድን ትታ ቀኝ ከያዘች ወዲህ መኪኖቻችን የሚሄዱት ወደ ቀኝ ባዘቀዘቀው ግማሽ ላይ ነው። ስለዚህ ጤነኛ መኪናም በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢያደላ አያስገርምም። ወደ ግራ የሚስብ መኪና ግን ዳገቱን እየተጋፋ፣ ከፊት ለፊት ወደሚመጣው መኪና አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ በእኔ እምነት ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ኮብልስቶን የለበሱት የጎንደር ከተማ ቁልቁለቶች ለሙከራ አይመቹም። ወደ ደምቢያ ሜዳ ወረድ ብሎ፣ ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ላይ፣ እጅን ከመሪው ሳያነሱ አያያዝን ላላ አድርጎ ማየት ይሻላል።

ከመንገዱ ቀጥሎ ጎማ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ መሬት ላይ ተንጣሎ ስለሚሄድ ይጎትታል፤ መኪናውም ወደዚያው ጎን ያደላል። ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ቢቻል በማለዳ ነው። አንድ ጎኑ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መኪና ግራና ቀኙ የተለያየ ንባብ ይሰጣል፤ የሙቀት መጠን በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የጎማ ግፊት በ1 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ይላልና።

አንዳንድ ሾፌሮች የመሪውን መሳብ ከደጋና ከቆላ ለውጥ ጋር ያያይዙታል። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ጎንደር ተነስቶ 700 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው መተማ የወረደ መኪና የጎማ ንባቡ በእርግጥ ይለወጣል። የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ለውጡ አራቱንም ጎማዎች እኩል ስለሚነካ መኪናውን ወደ አንድ ጎን አይስብም። መተማ ሲደርስ መሳብ የጀመረ መኪና ካለ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ንፋሱ እኩል ሆኖ መሳቡ ካልቀረ፣ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይሮ መንዳት ነው። ቀድሞ ወደ ግራ ይስብ የነበረው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። አንዳንድ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ወይም ሲያልቅ አንዱ ጠርዙ ከሌላው ያጠረ ይሆናል። ሲኒ በጎኑ ቢያንከባልሉት ወደ ጠባቡ ጫፍ እንደሚዞር ሁሉ፣ ይህም ጎማ መኪናውን ይዞ ይዞራል። እንዲህ ያለውን ጥፋት አላይመንት አያስተካክለውም። ሙከራው ክሪክና ቁልፍ እንጂ ሌላ ወጪ ስለማይጠይቅ ሳይሠራ መታለፍ የለበትም።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ መኪና ጉዳዩ የከፋ ነው። መኪናው የሚዞረው ይበልጥ ወደሚይዘው ጎማ ነው። ወደ ቀኝ ከሳበ የቀኙ ፍሬን ጤነኛ ሆኖ የግራው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሚስበውን ጎን ብቻ ፈትቶ ማየት ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ትቶ ጤነኛውን መመርመር ነው። በደከመው ጎን ፒስተኑ ዝጎ ይሆናል፤ ጎሚኒው ተቀዶ የፍሬን ዘይት ሸራውን አርሶት ይሆናል፤ ወይም ከኩሽኔታው የወጣ ግራሶ ታምቡሩ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። በዘይት የራሰ ሸራ ወይም ፓድ ይቀየራል እንጂ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። የግራው ሲቀየር የቀኙም አብሮ መቀየር አለበት፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መሳቡ እንደገና ይመጣል።

ተቃራኒውም አለ፤ ፍሬኑ ተለቆም የማይለቅ ጎማ። እዚህ ላይ የፍሬኑ የጎማ ቱቦ የተደበቀ ጥፋተኛ ነው። ሲያረጅ ከውስጥ ያብጥና ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ግን ቶሎ አይመልስም። ከውጭ ሲታይ ደህና ስለሚመስል ካሊፐሩ በከንቱ ይፈታል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሲቆም መዳፍን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርጎ፣ ሳይነኩ፣ ሙቀቱን ማመዛዘን ይቻላል። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጀው ጎማ አልለቀቀም ማለት ነው። በሊማሊሞ ቁልቁለት እንዲህ ያለ ጎማ የፍሬን ዘይቱን እስከ ማፍላት ይደርሳል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። በከባድ ማርሽ ሞተሩ እየያዘ መውረድ የፍሬኑን ድካም ይቀንሳል፤ የተጣበቀን ፍሬን ግን አያላቅቅም።

የሰሜን ተራሮችን መንገድ ለሚመላለሱ አይሱዙዎችና ፒክአፖች ብዙ ጊዜ የሚረሳ ምክንያት ከኋላ አለ። ከደባርቅ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ አልፎ፣ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው የጠጠር መንገድ ባሌስትራን ሳያቋርጥ ይደበድባል። የባሌስትራው ማሰሪያ ሲላላ ንብርብሩን ከአክስሉ ጋር የሚያቆመው የመሀል ብሎን ይቆረጣል፤ አክስሉም በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይሸሻል። ያኔ የኋላ ጎማዎች ወደ ጎን ስለሚገፉ፣ ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን አጣሞ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ከኋላው የሚከተል ሰው መኪናው ሰያፍ ሲሄድ ያየዋል። መለየቱ ገመድ ብቻ ይፈልጋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት በግራም በቀኝም መለካት ነው። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ የፊት አላይመንት ምንም አይፈይድም፤ አክስሉ ወደ ቦታው ይመለስ፣ ብሎኑ ይቀየር፣ ማሰሪያው ይጥበቅ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላም ማሰሪያው እንደገና ይፈተሽ። ጭነቱም ባንድ ወገን ከተከመረ መኪናውን ያዘነብለዋልና ሙከራው ባዶውን ይሁን።

የቴስቲናና የቦኮላ መላላት ከአላይመንት በፊት መታየት አለበት። የላላ ነገር ላይ የተሠራ ልኬት ከጋራዡ በር እስከ አዘዞ እንኳን አይቆይም። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ነው አላይመንት ተራው የሚደርሰው። በማሽኑ ላይ ከሚታዩት ልኬቶች ወደ ጎን የሚስቡት በተለይ ሁለቱ ናቸው፤ የጎማው አናት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ፣ እና ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ መጋደሉ። ግራና ቀኙ ከተለያየ መኪናው አናቱ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለው ወይም ዘንጉ ያነሰ ወደ ኋላ ወደተጋደለው ጎን ይሄዳል። ሦስተኛው፣ የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ መግጠም ወይም መከፈት፣ በአብዛኛው ጎማ ይበላል እንጂ አይስብም። ብዙ ቦታ የሚስተካከለው ግን እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአላይመንት ሲመለሱ ሦስቱም ልኬቶች፣ የግራውም የቀኙም፣ ታትመው እንዲሰጡዎ ይጠይቁ።

ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚስበው ብዙውን ጊዜ በፊት ጎማ የሚነዳ ትንሽ መኪና ነው፤ ግራና ቀኝ የሚያዞሩት ዘንጎች ርዝመታቸው የተለያየ ስለሆነ ጥቂቱ መሳብ ተፈጥሮው ነው። ከጨመረ የሞተር መያዣ ጎማዎች ይታዩ። በጎንደር ጎዳና የሞላው ባጃጅ ደግሞ የፊት ጎማው አንድ በመሆኑ ከፊት የሚቀያየር ነገር የለውም። በእሱ የሚፈተሹት የኋላ ጎማዎቹ ንፋስ፣ አንዱ የኋላ ፍሬን አለመልቀቁና የፊት ሹካው መጣመም ናቸው።

ፍሬን ሲያዝ የሚስብ መኪና ይዘው ደባርቅ ከደረሱ ሊማሊሞን አይውረዱ። ተሳፋሪውን በሌላ መኪና ያሳፍሩ፣ የእርስዎንም እዚያው ደባርቅ ያሠሩት።