የሳንቲም እንከን፤ ከማተሚያው የመጣው የትኛው ነው?

አሮጌ ገንዘብ ዘርግተው ወደሚሸጡ ሰዎች የቀረበ ሁሉ አንዲት ቃል መስማቱ አይቀርም፤ ይኸችውም «ይኼኛው ሲታተም የተሳሳተ ነው፤ ሌላ ዘንድ አያገኙትም» የምትለው ናት። ዋጋውም በዚህችው ቃል እጥፍ ይሆናል። በወር ደመወዙ ለሚተዳደር ጸሐፊ ወይም ከኪስ ገንዘቡ ቆጥቦ ለሚሰበስብ ተማሪ ነገሩ ቀላል አይደለም። እውነተኛ ስሕተት ያለበት ሳንቲም በእርግጥ ውድ ነው፤ ዳሩ ግን በዚህ ስም ከሚቀርቡት ብዙዎቹ በመዶሻ፣ በሞረድ ወይም በእሳት የተጎዱ ናቸው።

ሁለቱን ለመለየት የሳንቲምን አሠራር ማወቅ ይበቃል። በመጀመሪያ ከስስ የብረት ሉሕ ክብ ጠፍጣፋ ይቆረጣል። ቀጥሎም ጠፍጣፋው በቀለበት ውስጥ ሆኖ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይገባና በከባድ ኃይል ይመታል፤ ሁለቱም ፊት ባንድ ጊዜ ይቀረጻል። ጠፍጣፋው ወደ ጎን ሸሽቶ እንደ ሆነ ምስሉ ባንድ ወገን ይቆረጥና ሌላው ወገን ልሙጥ ይቀራል። ማኅተሙ ራሱ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሳንቲሙ ብረት በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ የሚታየው መሥመር ከፍ ያለ እንጂ የጎደጎደ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት መሥመሩ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ የተጫረ ነው።

በዚህ ረገድ የታወቁት ምሳሌዎች የአሜሪካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጎሽ የተቀረጸበትን አምስት ሳንቲም ሲያትሙ፣ አንዱን ማኅተም ለማጽዳት ከልክ በላይ ስለፋቁት የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፋ። አታላዮችም ደኅናውን ሳንቲም እየፋቁ ባለሦስት እግር ጎሽ መሸጥ ጀመሩ። በእውነተኛው ላይ ግን ከጎሹ ሆድ በታች ከፍ ከፍ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፤ እነዚህን ፍቆ ማምጣት አይቻልም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ አንድ ሳንቲሙ ከአረብ ብረት ተሠርቶ በዚንክ ተለበጠ፤ በስሕተት በመዳብ ቅይጥ የታተሙት በጣም ጥቂት ናቸው። የብረቱን ሳንቲም መዳብ ቀብተው የሚያቀርቡ ስላሉ ማግኔት ማስጠጋት ነው፤ ከሳበው ቅብ ነው።

ወደ አገራችን ገንዘብ ስንመለስ፣ ስሕተት መስሎ ስሕተት ያልሆነ ነገር ይበዛል። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበትን፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነውን 25 ሳንቲም የማያውቅ ሰብሳቢ የለም። ይህ ሳንቲም መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና አንበሳው ያለበት፣ መጠኑም ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር የተቀራረበ ስለ ሆነ፣ መዳቡን ብር እያስመሰሉ በ50 የሚያስተላልፉ ብልጦች ተነሡ። በዚህም ምክንያት ክቡ ተሰብስቦ ጥርሳሙ ወጣ። ከጥርሳሞቹ መካከል አቆራረጣቸው ሻካራ የሆነና ያማረ አሉ፤ ሻካራው ግን የሰው ሞረድ አይደለም፣ እንዲሁ የወጣ ነው። ብርቁ ክቡ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክም ብር እንዲሁ ያሳስታል። 1887 በተጻፈበት ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ነው፤ በኋላ በወጡት ላይ ግን የቀኙን። ይህን «የተገለበጠ አንበሳ» እያሉ በውድ የሚሸጡት የቅርጹን መለወጥ እንደ ስሕተት በመቁጠር ነው። ማሪያ ቴሬዛም ብትሆን 1780 የሚል ዓመት ይዛ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ስለታተመች፣ በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ውስጥ ያሉት ሉሎች ትንሽ ቢለያዩ የማተሚያው ልዩነት እንጂ እንከን አይደለም። እንከንስ ካስፈለገ፣ ለአንገት ጌጥ ተበስታ በኋላ ቀዳዳዋ የተደፈነው ጠገራ ሞልታለች፤ በድፍኑ ዙሪያ የብሩ መልክ ይለያል።

እውነተኛውን ያገኘ ሰው ደግሞ በሎሚና በአመድ እንዳያሸው። የሚያብረቀርቅ ሳንቲም ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን እሽታው ጥቃቅን ጭረት ይተዋል፣ ዐዋቂ ገዢም ያንን ሲያይ ዋጋውን ይቀንሳል።

ክብ ባለ 25 ሳንቲም ቢቀርብልዎ ጥርሳሙን ከጎኑ ያስቀምጡ። ጥርሳሙ ተሞርዶ ክብ የሆነ ከሆነ ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ካለው ስፋት ይጠባል፤ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ሲመዘንም ይቀላል። ሻጩ ለማስመዘን ፈቃደኛ ካልሆነ ገንዘብዎን በኪስዎ ይዘው ይመለሱ።