«ጎበዝ፣ በርታ» ስክሪፕት አያርምም

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለቴሌግራም ቦትም የሚሠራ ይመስለኛል።

ቦት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ቦት በቴሌግራም ላይ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ አካውንት ነው። ከጀርባው ሰው የለም፤ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የፕሮግራም ጽሑፍ ነው ያለው። ቴሌግራም ለዚህ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዛሬ ትእዛዝ የሚቀበል፣ ተማሪ የሚመዘግብ፣ ቀጠሮ የሚይዝ ቦት በከተማችን ብርቅ አይደለም። ብዙ ጀማሪ የሚነሣውም ሌላው ጽፎ ካጋራው ስክሪፕት ነው።

መጋራቱ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ተቀባዩ ሳያነብ ሲጠቀምበት፣ ያነበበው ደግሞ በይሉኝታ ዝም ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤምአይአርሲ የተባለ የቻት ፕሮግራም የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ ስለነበረው ተጠቃሚዎቹ ሥራቸውን ይለዋወጡ ነበር። በ1997 ግን «ስክሪፕት ዶት አይኤንአይ» የተባለ ፋይል መጣ። የተቀበለው ሰው ፕሮግራሙን ሲከፍት ፋይሉ አብሮ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ ቻት ክፍሉ ለሚገባ ሁሉ ራሱን ይልካል። ከፍቶ ያነበበው ሰው ቢኖር ኖሮ ጥቂት መስመር ብቻ ነበር።

በቅርቡ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ላለ ሱቅ ትእዛዝ የሚቀበል ቦት የሠራ አንድ ወጣት «እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ስክሪፕቱን ሰጠኝ። ጓደኞቹ በሙሉ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለውታል። ጉብዝናውን እኔም አልክድም። ሆኖም አራት ነገር አገኘሁበት።

አንደኛው የሰፈር ስም ነው። ቦቱ የሚያውቀው «ሀብተ ጊዮርጊስ» የሚለውን ብቻ ነው። ደንበኛው «ሃብተ ጊዮርጊስ» ብሎ ከጻፈ «ሰፈሩ አልተገኘም» ይለዋል። ለእኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ዘንድ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። በአፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ድልድይ በአንድ ፊደል ምክንያት ጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ስሞቹን ከማነጻጸር በፊት በድምፅ የሚመሳሰሉትን ፊደላት ወደ አንድ መለወጥ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ደንበኛው «3 ሰዓት ይድረስልኝ» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው። ስክሪፕቱ የተረዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ይሆናል።

ሦስተኛው አዝራሮቹ ናቸው። ከእያንዳንዱ አዝራር ጋር ተያይዞ ወደ ቦቱ የሚመለሰው መረጃ ከ64 ባይት እንዳይበልጥ ቴሌግራም ወስኗል። አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ከ21 ፊደል በላይ አይገባም። ረዘም ያለ የዕቃ ስም የተጻፈበት አዝራር አይሠራም። ለአዝራሩ አጭር ቁጥር መስጠትና ሙሉ ስሙን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል።

አራተኛው ከሁሉም ይከፋል። የቦቱ ቶክን፣ ማለትም ምስጢራዊ ቁልፉ፣ እዚያው ስክሪፕቱ ውስጥ ተጽፏል። ስክሪፕቱ የደረሰው ሰው ሁሉ በዚህ ቁልፍ ቦቱን ሊያዝበት፣ የሚመጣውንም መልእክት ሊያነብ ይችላል፤ የደንበኛውን ስልክ ቁጥር፣ አድራሻና የክፍያ ደረሰኝ ጭምር። ቶክኑን ወዲያው በቦትፋዘር በኩል ማሰረዝና አዲሱን በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ስክሪፕት ስታጋሩ ቶክኑንና የደንበኞችን መረጃ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚጎድለውም ጻፉበት። ስትቀበሉ በሙከራ ቦት ሞክሩት፤ መረጃውን ወዴት እንደሚልክም መስመር በመስመር እዩ። ስትተቹ ሰውየውን ትታችሁ መስመሩን ጥቀሱ። «አይሠራም» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ምን ጽፋችሁለት ምን እንደመለሰላችሁና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ንገሩት።

ወጣቱ ትንሽ ፊቱ ቢለዋወጥም ቶክኑን የሰረዘው እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ ነው። ባለሱቁ ኮድ አያነብም፤ ደንበኛውም እንደዚያው። ማንበብ የምንችለው ሰዎች በይሉኝታ ዝም ካልን ዕዳው የሚተርፈው ለእነሱ ነው።